ቀርፋፋው ላይንባከር በጭንቅላቱ ይተርፋል?

በ2024 የውድድር ዘመን የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ በሆነው ዋሽንግተን ኮማንደርስ ውስጥ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። የጀማሪው ኳርተርባክ (ኳስ አከፋፋይና ወርዋሪ) የጄደን ዳንኤልስ ወሬ አገር ምድሩን ስለሞላው ብዙ ሰው ልብ ሳይለው አለፈ። ክለቡ በጥቅምት ወር ጃሚን ዴቪስን አሰናበተ። ዴቪስ በ2021 ድራፍት (ክለቦች የኮሌጅ ልጆችን ተራ በተራ በሚመርጡበት) በመጀመሪያው ዙር፣ በ19ኛ ደረጃ የተመረጠ ላይንባከር ነው። 40 ያርድ በ4.4 ሰከንድ ገደማ ይሮጣል። ቆሞ ወደ ላይ ሲዘል 42 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር በላይ ይነሳል። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ነው እንዲህ የሚዘለው።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቡድን፣ ከመሐል ቆሞ 17ቱንም ጨዋታ የጀመረው ማነው? ቦቢ ዋግነር። ዕድሜው 34። 132 ታክል ሠራ (ታክል ኳስ የያዘን ሰው መጣል ነው)፣ የዓመቱ ምርጦች በሚመረጡበት በሊጉ ሁለተኛው የኦል ፕሮ ስብስብ ውስጥ ገባ፣ ቡድኑም ሱፐር ቦውል ለመድረስ አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ድረስ ተጓዘ።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆቻቸው ጎትተው ወደዚህ ጨዋታ ያስገቧቸው አበሾች ይህን ሲያዩ የሚሉት ነገር ይታወቃል። "እግር ምን ያደርጋል፣ ዋናው ጭንቅላት ነው።" ደስ የሚል ድምዳሜ ነው። እውነቱ ግን ግማሽ ነው። ዋግነር በ34 ዓመቱ በጭንቅላቱ የተጫወተው ሊጉ ውስጥ 12 ዓመት ስለከረመ ነው። በ2012 ሲገባ እሱ ራሱ ከፈጣኖቹ አንዱ ነበር። ስለዚህ እሱን ጠቅሶ ስለ ጀማሪ መከራከር አያስኬድም። ጥያቄው ስለ ሌላ ልጅ ነው። ገና ከኮሌጅ የወጣ፣ በሰዓት ሲለካ ቀርፋፋ የሆነ፣ ነገር ግን ጨዋታውን ቀድሞ የሚያሸት ልጅ በመጀመሪያ ዓመቱ ከፈጣኖቹ ሊበልጥ ይችላል ወይ?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ይችላል፤ ግን ሰው እንደሚያወራው ብዙ ጊዜ አይደለም። እንደ ማስረጃ የሚጠቀሱት ታላላቅ ስሞች አብዛኞቹ አጭር እንጂ ቀርፋፋ አልነበሩም፤ ይህ ደግሞ ሰማይና ምድር ነው። በእውነት ቀርፋፋ ሆኖ የተሳካለት ጀማሪ ጥቂት ነው፣ የተሳካለትም ቡድኑ ድካሙን ሸፍኖለት ነው።

ለማያውቀው ሰው ሥራውን በአጭሩ ላስረዳ። ከተከላካዩ ወገን ፊት ግዙፎቹ አሉ፣ ከኋላ ፈጣኖቹ። ላይንባከሩ መሐል ነው። ከኳሱ አራት አምስት ያርድ ርቆ ይቆማል። ኳሱ ለሯጩ ከተሰጠ ወደፊት ሄዶ ያስቆማል። ኳርተርባኩ ሊወረውር ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ሸሽቶ ክፍተት ይሸፍናል። ሁለቱ ሥራዎች ተቃራኒ አቅጣጫ ናቸው፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ጊዜ የለም። ኳርተርባኮቹ ኳሱን በአማካይ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ይለቁታል። የእኛ እግር ኳስ ወዳጅ ሰርጂዮ ቡስኬትስን ያስብ። ሲሮጥ አይተነው አናውቅም ማለት ይቻላል፤ ኳሱ የሚሄድበት ቦታ ላይ ግን ሁሌም ቀድሞ ይገኛል። ችግሩ ቡስኬትስን ማንም 110 ኪሎ ሰው በሙሉ ፍጥነት አይገጨውም ነበር።

እና ይህ "ማሽተት" ምንድነው? ብዙ ሰው ደመ ነፍስ ሲባል ልጁ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣ ይመስለዋል። አሠልጣኝ ጠይቁ፣ ስለ ጋርዱ እግር ነው የሚነግራችሁ። አጥቂ መስመር ላይ ያለው ጋርድ ክብደቱን እጁ ላይ ጥሎ ወደፊት ካዘነበለ ሩጫ ሊሆን ይችላል። ቂጡን ወደ ኋላ አድርጎ ቀለል ብሎ ከተቀመጠ ውርወራ። ኳሱ ሲነሳ ጋርዱ ቦታውን ለቆ ወደ ጎን ከሮጠ ጨዋታው እሱ ወደሚሄድበት ነው፣ ተከትለው። ሯጩ በኳርተርባኩ በየትኛው ጎን ቆሟል፣ ታይት ኤንዱ (ከመስመሩ ጫፍ ቆሞ የሚገፋም ኳስ የሚቀበልም) ወዴት ነው፣ ስንተኛ ሙከራ ነው፣ ስንት ያርድ ቀርቷል፤ ይሄ ሁሉ ኳሱ ሳይነሳ የሚታይ ነገር ነው። ጎበዙ ልጅ ይህን ሁሉ አይቶ ሦስት የሚሆኑ አማራጮችን ይዞ ይቆማል። ደካማው አሥራ አምስት አማራጭ ይዞ ይቆምና ኳሱ ሲነሳ ማየት ይጀምራል። ሉክ ኪክሊ ካሮላይና ፓንተርስ ውስጥ በነበረበት ጊዜ ተቃራኒው ቡድን ሊጫወት ያሰበውን ጨዋታ ጮክ ብሎ ለጓደኞቹ ይናገር እንደነበር ይወራለታል፣ ይህም በማይክሮፎን ተይዟል። ግን ልብ በሉ፤ ኪክሊም ፈጣን ነበር፣ በ2012 በ9ኛ ደረጃ የተመረጠው ዝም ብሎ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፣ ወሬው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ በሚደረገው፣ ኮምባይን በሚባለው የአካል ብቃት ፈተና ላይ ልጆቹ 40 ያርድ ይሮጣሉ። 36.6 ሜትር መሆኑ ነው። አንዱ በ4.6 ሰከንድ፣ ሌላው በ4.8 ሰከንድ ገባ እንበል። የመጀመሪያው መስመሩን ሲያልፍ ሁለተኛው ከኋላው ሜትር ተኩል ያህል ቀርቶታል። በቃ ይህ ነው ልዩነቱ፤ በዚህ ምክንያት ነው አንዱ በመጀመሪያ ዙር ሌላው በአምስተኛ ዙር የሚሄደው። ላይንባከር ደግሞ ሠላሳ ስድስት ሜትር ቀጥ ብሎ የሚሮጥበት አጋጣሚ በጨዋታ ስንት ጊዜ ይመጣል? እምብዛም። አብዛኛው ሥራው ስምንት አሥር ሜትር ውስጥ ነው፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ያቺ ሜትር ተኩል ወደ ክንድ ታጥራለች። አንድ እርምጃ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ተራምዶ፣ ቆሞ፣ ዞሮ መመለስ ከዚያ በላይ ያስከፍላል። ጭንቅላት ፍጥነትን ያሸንፋል የሚሉት ሰዎች እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ሒሳቡ ግን የሚሠራው ጨዋታው ፊት ለፊት ከሆነ ነው። ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ታላላቆቹን እንይ። ሳም ሚልስ ቁመቱ 1.75 ሜትር ነበር። ሞንትክሌር ስቴት ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ ወጥቶ ድራፍት ላይ ማንም አልመረጠውም። ክሊቭላንድ ብራውንስ ሞክሮት በ1981 አባረረው። ከዚያ ካናዳም ሞከረ፣ ተባረረ። ትምህርት ቤት እያስተማረ ቆይቶ ዩኤስኤፍኤል በሚባለው ሊግ ለፊላዴልፊያ ስታርስ ገባ፣ አሠልጣኙ ጂም ሞራ በ1986 ኒው ኦርሊንስ ሲሄድ ይዞት ሄደ። ያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር። አምስት ጊዜ ለከዋክብቱ ጨዋታ፣ ለፕሮ ቦውል፣ ተመረጠ። በ2022 የዝና አዳራሽ ገባ፣ ሲገባ ግን በሕይወት አልነበረም።

ዛክ ቶማስ ሌላው ነው። በ1996 ድራፍት በአምስተኛው ዙር፣ በ154ኛ ደረጃ ማያሚ ወሰደው። በዚያው ድራፍት ሬይ ሉዊስ በ26ኛ ደረጃ ሄዷል። ቶማስ ቁመቱ 1.80 ሜትር፣ አንገት የሌለው የሚመስል፣ ጎዳና ላይ ብታዩት ላይንባከር የማይመስል ልጅ ነበር። አሠልጣኙ ጂሚ ጆንሰን ልምምድ ላይ አየውና ነባሩን ጃክ ዴል ሪዮን አሰናብቶ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ቦታውን ሰጠው። ሰባት ጊዜ ፕሮ ቦውል፣ አምስት ጊዜ በመጀመሪያው የኦል ፕሮ ስብስብ፣ በ2023 የዝና አዳራሽ። (ያ ዴል ሪዮ ደግሞ ኋላ አሠልጣኝ ሆኖ፣ ዋሽንግተን በ2021 ያንን የሚዘለውን ዴቪስን ሲመርጥ የመከላከሉ ኃላፊ እሱ ነበር። ሕይወት!)

ለንደን ፍሌቸርም አለ። 1.78 ሜትር፣ ጆን ካሮል ዩኒቨርሲቲ፣ በ1998 ሳይመረጥ ገብቶ 256 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫወተ። ማይክ ሲንግልተሪ በ1981 በሁለተኛው ዙር ተመረጠ፣ አጭር ነው ተብሎ። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ያ ፈጦ የሚያየው ዓይኑ እስከ ዛሬ ይወራል።

እነዚህ ሰዎች የሚያመሳስላቸው ምንድነው? ቁመት። ሁሉም አጭር ናቸው ተብለው ነው የተናቁት። አጭር መሆን ደግሞ ለዚህ ሥራ ያን ያህል ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ዝቅ ብሎ ለመግጨት ይጠቅማል። ሚልስ ጉልበተኛ ነበር፣ ፍሌቸር ፈጣን ነበር። "የአካል ብቃት ሳይኖራቸው በጭንቅላት ተሳካላቸው" ማለት እነሱን መስደብ ነው። የነበራቸው ብቃት በሜትር ሲለካ አልታየም፣ በቃ። ስለዚህ ቀርፋፋ ልጅ ድራፍት በተደረገ ቁጥር ዛክ ቶማስን የሚጠሩ ሰዎች የተሳሳተ ምስክር ነው የሚያቀርቡት።

ቀርፋፋ ከፈለጋችሁ ቮንቴዝ በርፊክትን ውሰዱ። በ2012 ኮምባይን ላይ 40 ያርድ በ5.09 ሰከንድ ሮጠ። ይህ ለላይንባከር ማፈሪያ ነው፣ ከእሱ ሠላሳ ኪሎ የሚበልጡ የአጥቂ መስመር ሰዎች አንዳንዶቹ በዚያ ሰዓት ይሮጣሉ። ማንም አልመረጠውም። ሲንሲናቲ በነጻ ወሰደው። ከፊቱ ያለው ተጫዋች ሲጎዳ ገባና በጀማሪነት ዓመቱ 127 ታክል ሠርቶ ቡድኑን መራ። በሁለተኛው ዓመት 171 ታክል ሠርቶ ሊጉን በሙሉ መራ። ኋላ ላይ ሥራውን ያበላሸው እግሩ አይደለም፣ ሕግ የጣሰ ግጭቱና ተደጋጋሚ ቅጣቱ ነው። ጨዋታ ማንበብ ብቻውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ጀማሪ አላውቅም።

ክሪስ ቦርላንድ ደግሞ አለ። ዊስኮንሲን፣ 2014፣ ሦስተኛ ዙር፣ 77ኛ። 4.83 ሰከንድ፣ አጭር ቁመት፣ አጭር እጅ። ሳን ፍራንሲስኮ ሲገባ ከፊቱ ፓትሪክ ዊሊስና ናቫሮ ቦውማን ነበሩ፣ በዚያን ጊዜ በሊጉ ምርጥ የሚባሉት ጥንዶች። ቦውማን ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም፣ ዊሊስም በመሐል ተጎዳ። ቦርላንድ ስምንት ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ከ100 በላይ ታክል ሠራ። ኒው ዮርክ ጃየንትስ ላይ በአንድ ጨዋታ ሁለት ኳስ ቀማ። ከዚያ በመጋቢት 2015፣ በ24 ዓመቱ፣ ጭንቅላቴ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እፈራለሁ ብሎ ጨዋታውን ተወ። ስለዚህ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ተቃራኒ አሠልጣኞች ድክመቱን አግኝተው ምን ያደርጉት እንደነበር ሳናይ ቀረን። የደጋፊዎቹ ክርክር ሁልጊዜ ቦርላንድ ላይ የሚያርፈውም ለዚህ ይመስለኛል። ግማሽ የውድድር ዘመን ነው ያየነው፣ ያውም ምርጡን ግማሽ።

የመካከለኛው ዕጣ ደግሞ የማንታይ ቴኦ ነው። በ2012 ኖትር ዳም ውስጥ የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ሃይስማን ለጥቂት ያጣ፣ በኮሌጅ ኳሱ ራሱ ይከተለዋል የሚባልለት ልጅ ነበር። በኮምባይን 4.82 ሮጠ፣ በ2013 በ38ኛ ደረጃ ሳን ዲዬጎ ወሰደው። መጥፎ ነበር? አልነበረም። ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፣ በቂ ሆነ፣ ተጎዳ፣ ክለብ ቀየረ። ስለ እሱ ዛሬ በዚህ ክርክር ውስጥ ማንም አያወራም። አብዛኛው ብልህ ግን ቀርፋፋ ላይንባከር መጨረሻው እንደዚህ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ስማቸውን እንኳ የማናውቀው፣ በነሐሴ ልምምድ ላይ ሻንጣቸውን ይዘው የወጡት እጅግ ይበዛሉ። እኛ በርፊክትን የምናስታውሰው እሱ ስለቀረ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደተውኩት ልመለስ። ሒሳቡ የሚሠራው ጨዋታው ፊት ለፊት ሲሆን ነው ብያለሁ። የዛሬው ጨዋታ ግን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ነው። በቶማስ ዘመን ሦስት አራት ላይንባከር በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ መቆሙ የተለመደ ነበር። ዛሬ ቡድኖች ከግማሽ በላይ ጨዋታቸውን አምስት የኋላ ተከላካይ አሰልፈው ነው የሚጫወቱት፣ ስለዚህ የሚቀረው ቦታ ለሁለት ላይንባከር ነው። ድሮ ለቀርፋፋው ብልህ ልጅ የሚሆን ሦስተኛ ቦታ ነበረ፣ ሩጫ ብቻ እያስቆመ ደሞዙን የሚበላበት። ያ ቦታ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የቀሩት ሁለቱ እንደ ታይት ኤንዱ ትራቪስ ኬልሲ ወይም እንደ ሯጩ ክርስቲያን ማካፍሪ ያሉትን ክፍት ሜዳ ላይ መጠበቅ አለባቸው። ማካፍሪ ከጀርባ ወጥቶ ወደ ጎን ሲሮጥ ወዴት እንደሚሄድ ቀድማችሁ ብታውቁም፣ እዚያ የሚያደርስ እግር ከሌላችሁ እውቀታችሁ ጎል ሲገባ ቆሞ ለማየት ብቻ ይጠቅማል።

ሌላም አለ፣ የባሰ። የዛሬ አጥቂ አሠልጣኞች አንባቢውን ልጅ እያሰቡ ነው ጨዋታ የሚነድፉት። አርፒኦ የሚባለውን ውሰዱ። የአጥቂ መስመሩ ሩጫ ይመስላል፣ ጋርዱ ወደፊት ይገፋል፣ ሯጩ ኳስ ለመቀበል ይመጣል፤ ኳርተርባኩ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያየው፣ ላይንባከሩን። ላይንባከሩ ሩጫ ነው ብሎ ወደፊት አንድ እርምጃ ከመጣ ኳሱ ከጀርባው ይወረወራል። ካልመጣ ለሯጩ ይሰጣል። እንግዲህ እዚህ ላይ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። ቶሎ ያነበበው ልጅ ነው የሚቀጣው። ፈጣን አትሌት ከሆነ ዘግይቶ ወስኖም ሊደርስ ይችላል፤ ቀርፋፋው ግን መዘግየት አይችልም፣ ኑሮው መቅደም ስለሆነ። የአሠልጣኙ የካይል ሻናሃን ዓይነት ጨዋታም እንደዚሁ ነው፤ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ሰው ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፣ ሩጫው ሁሉ አንድ ይመስላል፣ ከዚያ በዚያው ሩጫ መልክ ውርወራ ይመጣል። እንዲህ ያለ ማታለያ የሚጎዳው ዓይኑን የሚያምን ሰው ነው።

ታዲያ ፈጣኖቹን ብቻ እንምረጥ? እሱም አላዋጣም፣ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ኢዛያ ሲመንስ በ2020 በ8ኛ ደረጃ አሪዞና ሄደ። 1.93 ሜትር፣ 108 ኪሎ፣ 4.39 ሰከንድ። እንዲህ ያለ ሰው በላቦራቶሪ የተሠራ ነው የሚመስለው። በመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ራሂም ሞስተርት አልፎት 76 ያርድ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ። ክሌምሰን እያለ በየጨዋታው በተለያየ ቦታ ያሰልፉት ስለነበር አንድ ቦታ ቆሞ አንድን ነገር ደጋግሞ የማየት ዕድል አላገኘም። በነሐሴ 2023 አሪዞና ለጃየንትስ ሰጠው፤ በልዋጩ ያገኘው የሰባተኛ ዙር ምርጫ ነው፣ ማለትም ከምንም ቀጥሎ ያለው ዋጋ። ዳሮን ሊ 4.47 ሮጦ በ2016 በ20ኛ ደረጃ ጄትስ ገባ፣ በ2019 ለስድስተኛ ዙር ምርጫ ተላልፎ ተሰጠ። ዴቨን ቡሽ 4.43፣ ፒትስበርግ እሱን ለማግኘት ከ20ኛ ወደ 10ኛ ደረጃ ዋጋ ከፍሎ ወጣ። ጀማሪነቱ ጥሩ ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱ ተበጠሰ፣ ከዚያ ፒትስበርግ ውስጥ እንደ በፊቱ አልሆነም፣ ክለቡም ውሉን ሳያድስለት ቀረ። ለፈጣን ልጅ አደጋው ይኸው ነው፤ ንብረቱ በሙሉ አንድ ጉልበት ውስጥ ተቀምጧል።

ዴቪስን እናስታውስ። ኬንታኪ ውስጥ ቋሚ ተሰላፊ የነበረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ይህ ለእኔ ከ4.4ቱም ከዝላዩም በላይ የሚናገር ቁጥር ነው። ማንበብ የሚባለው ነገር የሚመጣው አንድ ዓይነት ነገር መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ በማየት ነው። አርባ ጨዋታ ኮሌጅ ውስጥ ጀምሮ የመጣ ልጅና አሥር ጨዋታ የጀመረ ልጅ እኩል አላዩም። ዳን ኩዊን አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ዴቪስን ከመሐል አንስቶ ጫፍ ላይ፣ ኳርተርባክ አሳዳጅ ሊያደርገው ሞከረ፤ ማንበቡን ትተህ ዝም ብለህ ሩጥ እንደማለት ነው። አልሆነም። መሐሉን ለዋግነር ሰጠ፣ ሲያትል እያለ ያሠለጠነው ሰው ነው።

በሌላ በኩል ጀማሪ ልጅ ኮሌጅ ላይ የተማረው ንባብ ሁሉ እንዳለ አይሻገርም። አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው። በኮሌጅ የአጥቂ መስመር ሰው ውርወራ ሊሆን እየቻለ እንኳ ሦስት ያርድ ድረስ ወደፊት መግፋት ይችላል፣ በፕሮፌሽናሉ አንድ ያርድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ኮሌጅ ላይ የጋርዱ እግር ውሸታም ነው። ልጁ ጋርዱን አለማመን ለምዶ ይመጣና እዚህ እመነው ይባላል። ሜዳውም ይለያል። በኮሌጅ ኳሱ የሚቀመጥባቸው ሁለቱ መስመሮች በመካከላቸው 12 ሜትር ያህል አለ፣ በፕሮፌሽናሉ ስድስት ሜትር እንኳ አይሞላም። ኮሌጅ ላይ ኳሱ ጎን ላይ ሲሆን አንዱ ወገን በጣም ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ስለሚሆን ጨዋታው ወዴት እንደሚያዘነብል ግማሹ መልስ በነጻ ይገኛል። እዚህ ያ ነጻ መልስ የለም። በመጀመሪያ ወራት ብልህ የተባለው ልጅ ሁሉ የሚደናበረው ለዚህ ነው፤ አትሌቱ ደግሞ ቀድሞም ስለማያነብ ልዩነቱ አይሰማውም።

ስለ ማንበብ ሲወራ የሚረሳ ሌላ ጉዳይ ራዲዮው ነው። ከ2008 ጀምሮ ከተከላካዮቹ አንዱ ራሱ ላይ ያለው ቆብ ውስጥ የአሠልጣኙን ድምፅ ይሰማል፣ ቆቡ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይለጠፍበታል። ኳሱን ለማስነሳት የሚቆጠረው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው ድምፁ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ልጁ ብቻውን ነው፤ ለአሥሩም ጓደኞቹ ይናገራል፣ አሰላለፉ ከተቀየረ ይቀይራል። ይህን ለጀማሪ መስጠት ድፍረት ይጠይቃል። አይቫን ፔስ በ2023 ሳይመረጥ ሚኒሶታ ገባ፣ 1.78 ሜትር የሚሆን ልጅ ነው፤ ነባሩ ጆርዳን ሂክስ ሲጎዳ ያንን አረንጓዴ ነጥብ ተረከበ፣ ዓመቱንም ከ100 በላይ ታክል ሠርቶ ጨረሰ። ብልህነት ለጀማሪ የሚከፍለው እንዲህ ነው። አሠልጣኙ ያምነዋል፣ ስለዚህ ሜዳ ይገባል፣ ስለዚህ ይበልጥ ያያል። ኮሌጆችም ከ2024 ጀምሮ ራዲዮውን ስለፈቀዱ የሚቀጥሉት ጀማሪዎች በዚህ ረገድ ይቀላቸው ይሆናል።

አንድ የማይመች ነገርም እዚህ ላይ መነሳት አለበት። "ብልህ፣ ታታሪ፣ ጨዋታ የሚያነብ" የሚለው ምስጋና ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ነጭ ላይንባከር ላይ ነው፣ "የተፈጥሮ አትሌት" የሚለው ደግሞ ጥቁሩ ላይ። ጃክ ካምቤልን ተመልከቱ። በ2023 ዲትሮይት ከአይዋ በ18ኛ ደረጃ ሲወስደው ስንቱ ሳቀ፣ ቀርፋፋ የገጠር ልጅ ነው ተብሎ። ልጁ 1.95 ሜትር፣ 113 ኪሎ ሆኖ 4.65 የሮጠ፣ በሦስት የፕላስቲክ ኮኖች ዙሪያ በሚደረገው የመዞር ፈተና ደግሞ 6.74 ሰከንድ ያስመዘገበ ነው። ይህ ብርቅ አትሌት ነው፣ መልኩ ግን ከሰዎች ምናብ ጋር አልገጠመም። በተቃራኒው ሚልስ፣ ፍሌቸር፣ ሲንግልተሪ፣ በርፊክት፣ ጨዋታ በማንበብ ከሚታወቁት ሁሉ የሚቀድሙት እነዚህ ጥቁሮች ናቸው። ስለዚህ ስለ አንድ ጀማሪ "ደመ ነፍሱ ጥሩ ነው" የሚል ነገር ስትሰሙ ተናጋሪው ፊልሙን አይቶ ነው ወይስ ልጁን አይቶ፣ መጠርጠር ነው።

ቡድኖች ይህን ሁሉ ያውቃሉ፣ ስለዚህ ነገሩን በዋጋ ነው የሚፈቱት። ፊላዴልፊያን ውሰዱ። ቲጄ ኤድዋርድስ በ2019 ቀርፋፋ ነው ተብሎ ሳይመረጥ ቀረ። ፊላዴልፊያ በነጻ አገኘው። በጀማሪነት ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ኳስ በሚለጋበት ጊዜ በሚገባው ስብስብ ውስጥ ነው። ቀስ እያለ ቦታ ያዘ፣ በ2022 ዘመን ቡድኑ ሱፐር ቦውል ሲደርስ ቋሚ ተሰላፊ ነበር፣ ከዚያ ቺካጎ የተሻለ ገንዘብ ሰጠው። በ2022 ደግሞ ያው ፊላዴልፊያ ናኮቤ ዲንን መረጠ። ዲን የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የመከላከል መሪ፣ የኮሌጅ ምርጥ ላይንባከር የሚወስደው የ2021 የበትከስ ሽልማት ባለቤት፣ በዚያ ድራፍት ጨዋታ በማንበብ አንደኛ የሚባል ልጅ ነበር፤ ቁመቱ አጥሮ፣ ስለ ጉዳትም ተወርቶበት እስከ 83ኛ ደረጃ ወረደ። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈው ወንበር ላይ ነው። ከፊቱ የነበረው ማን ነበር? ኤድዋርድስ። ብልህ ጀማሪ ሌላ ብልህ ግን ሦስት ዓመት የበለጠ ያየ ሰው ፊት አጥሮት ነው የተቀመጠው። ለዋግነርም የሠራለት ይኸው የዓመታት ነገር ነው።

እኔ ቡድን ብገዛ (አልገዛም እንጂ) ቀርፋፋውን አንባቢ በመጀመሪያው ዙር አልነካውም፤ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ግን ከየትኛውም ጥሬ አትሌት በፊት እወስደዋለሁ። ከፊቱ ሁለት ግዙፍ ሰዎች አቆምለትና የአጥቂ መስመሩ ሰዎች እንዳይደርሱበት አደርጋለሁ፤ ቦርላንድም በርፊክትም በእንዲህ ዓይነት ጠንካራ የፊት መስመር ጀርባ ነው የሠሩት። 4.9 እና ከዚያ በላይ የሚሮጠውን ግን፣ የፈለገውን ያህል ቢያነብ፣ ከበርፊክት በቀር ሊያሳምነኝ የሚችል ምሳሌ አላገኘሁም፤ አንድ ሰው ደግሞ ሕግ አይሆንም። ከ4.65 እስከ 4.8 ባለው ውስጥ ነው ጭንቅላት በእውነት የሚወስነው። ከዚያ በታች ያለው ፈጣን ልጅ ጊዜ ይገዛል፣ ስህተቱን በእግሩ ይከፍላል። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ስህተት የመሥራት መብት የለውም፤ ጀማሪ ሆኖ ያለ ስህተት መጫወት ደግሞ ማን ይችላል።

በነሐሴ የዝግጅት ጨዋታዎች ሲጀመሩ ስለ አንድ ጀማሪ ብዙ ታክል ሠራ የሚል ወሬ ይበዛል። የታክሉን ቁጥር ተዉት። በሦስተኛው ሙከራ ሰባት ስምንት ያርድ ሲቀር፣ ሁሉም ውርወራ እንደሚመጣ ሲያውቅ፣ አሠልጣኙ ያንን ልጅ ሜዳ ላይ ይተወዋል ወይስ አስወጥቶ ሌላ ያስገባል፣ እሱን እዩ። ካስወጣው፣ ክለቡ ስለ እግሩ ምን እንደሚያስብ በቃለ መጠይቅ ከሚሰጠው ምስጋና ሁሉ በላይ ነግሯችኋል።